የክኒኔ ተቋዳሾች

ሆዴን የሚያቃጥለኝ ሐሳብ ነው ወይስ በሽታ? ከዩኒቨርሲቲ ጀምሮ ይዤው የዞርኩት ጥያቄ ነበር። ሰመራ ለማስተማር ከመጣሁ በኋላ ተመረመርኩና ሐኪሙ፣ «የጨጓራ ባክቴሪያ ነው። የተሻለሽ ቢመስልሽም ክኒኑን ሳታጓድዪ ጨርሺው፤ ያለዚያ ተመልሶ ይነሳብሻል» አለኝ።

በማግስቱ ከሰዓት በረንዳ ላይ ክኒኑን ከጎኔ አድርጌ መጽሐፍ ይዤ ተቀምጫለሁ። ሙቀቱ እንቅልፍ እንቅልፍ ያሰኛል። ወደ ጅቡቲ የሚሄዱት ከባድ መኪኖች፣ አስፋልቱ ላይ ውሃ በሚመስለው ብልጭታ ውስጥ፣ ያለ ድምፅ የሚንሳፈፉ ይመስላሉ። ከወሎ የመጡት አከራዬ እትዬ ዘሀራ መጥተው አጠገቤ ሲቀመጡ ሕልም መስሎኝ ነበር።

«የኔም ጨጓራ አላስቀምጥ ብሎኛል። እስቲ ከክኒንሽ አቃምሺኝ፤ ኢንሻአላህ ለሁለታችንም ይበቃል።»

«ለእኔ የታዘዘ ነው፤ ካጓደልኩት አልድንም» አልኩ፣ ለመጽሐፉ የምናገር ይመስል።

«ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል፣ ልጄ።»

ወደ መጽሐፉ ሳቀረቅር እሺ ያልኩ መሰላቸው። ወደ ግቢው ዞረው ተጣሩ። ቀና ስል ሦስት ጎረቤቶች ውሃ የሞላ ብርጭቆ ይዘው ቆመዋል።

ክኒኑን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ተነሳሁ። «ሁላችሁንም እኔ ራሴ አስመረምራችኋለሁ፤ ተከተሉኝ» አልኩ።

ተከተሉኝ። ምርመራው በሰገራ መሆኑን ግን ክሊኒኩ በር ላይ ስንደርስ ልነግራቸው ወሰንኩ።