ከከተማው ዳር

ልጄን ልጠይቅ ሊዮን ሄጄ ሳለ፣ ፌርማታ ላይ ቆመን እያለን በመጣው አውቶቡስ ግንባር ላይ የተጻፈውን የቦታ ስም አየሁና ወደ በሩ ተራመድኩ። ፈረንሳይኛ አላውቅም፤ ትምህርቴንም ያቋረጥኩት አራተኛ ክፍል ላይ ነው። ያንን የቦታ ስም ግን ከነፊደሎቹ ጥምዝ አውቀዋለሁ። በአሰበ ተፈሪ ከተማ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሆኜ፣ ከደብዳቤ ፖስታ ላይ አይቼ በቤታችን ግድግዳ ላይ በከሰል ስጽፈው የከረምኩት የመጀመሪያው የባዕድ ቃል ነው። ልጄ የእኛ አውቶቡስ እንዳልሆነ፣ ያኛው ከከተማው ዳር ወዳለች ትንሽ ከተማ እንደሚሄድ ብትነግረኝም፣ ውሰጂኝ ብዬ ድርቅ አልኩባት።

ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ባላቸው የሞተባቸው የቅቤ ነጋዴ ነበሩ። ከመሰላ በአህያ ጭነው ከሚመጡት ሴቶች ጋር በኦሮምኛ እየተከራከሩ፣ ጣታቸውን ቅሉ ውስጥ ነክረው እያሸተቱ ሲገዙ ይውላሉ፤ ደጃቸው ኮሰረት ኮሰረት ይሸታል፣ የቡና ቅጠል በወተት የሚፈላበት የሆጃ ማሰሯቸውም ከምድጃ ላይ አይወርድም። አንድ ልጃቸው ብርሃኔ በደርግ ጊዜ ጓደኞቿ መታሰር ሲጀምሩ በሚኤሶ በኩል ባቡር ተሳፍራ ጅቡቲ ገባች ተባለና፣ ከዚያ ዓመት ሙሉ ወሬዋ ጠፋ። ለሚጠይቃቸው ሁሉ ለትምህርት ሄዳለች ይሉ ነበር፤ ሰፈሩም እንዳመነ ሰው ራሱን ይነቀንቅላቸዋል።

ደብዳቤ የማነብላቸው እኔ ነበርኩ። በሰፈሩ ከእኔ የበለጠ የተማሩ ሞልተዋል፤ እነሱ ግን ያልተጻፈ ሰላምታ ይጨምራሉ፣ የተጻፈ ችግር ይዘላሉ። እኔ አንድ ቃል አልጨምርም፣ አንድ ቃል አላጎድልም። የሰው ቃል የሰው ንብረት ነው ብዬ አምን ነበር፤ በዚህ ምክንያት ከእናቴ ጋር እንኳ ተጣልቻለሁ። እትዬ አስካለ ይህን ግትርነቴን ወደውልኝ “ነይ አንቺ ዳኛ” ብለው ነበር የሚጠሩኝ።

የብርሃኔ የመጀመሪያ ደብዳቤ ከፈረንሳይ የመጣ ቀን በሩን መለስ አድርገው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ የክብር እንግዳ እንደሚቀበል ሰው ተቀመጡ። ሰላምታው ብቻውን አንድ ገጽ ፈጀ፤ ከጎረቤት አህያ በቀር ሰላም ያልተባለ አልነበረም። ከዚያ ብርሃኔ የምትኖረው ሊዮን ውስጥ ሳይሆን ከከተማው ዳር፣ ባቡር ጣቢያው አጠገብ መሆኑን ጻፈች። ከሌሎች ሴቶች ጋር አንድ ቤት ተከራይታለች፤ ሥራዋ ማታ ማታ ነው፤ እማዬ አታስቢ።

እትዬ አስካለ እጃቸውን አነሱ።

“ቆይ። ዳር ነው ያለችው?”

“አዎ፣ እትዬ።”

“ጣቢያ አጠገብ።”

“አዎ።”

“አንቺ ልጅ፣ ከከተማ ዳር የሚኖረው ማነው?”

እኔ የማውቀው ከተማ አንድ ነው። በእኛ ከተማ ዳር፣ ወደ ሚኤሶ በሚወስደው መንገድ፣ በራቸው ላይ መጋረጃ ያንጠለጠሉ የመጠጥ ቤቶች ነበሩ፤ የጭነት መኪና ሾፌሮች የሚያድሩባቸው፣ እኛ ልጆች በደጃቸው እንዳናልፍ የተከለከልንባቸው። የሚኤሶ ጣቢያ አካባቢም እንዲሁ ነው ሲባል ሰምቻለሁ። ተጠየቅኩ፣ መለስኩ።

“መጋረጃ ቤት ያሉት ሴቶች” አልኩ።

እትዬ አስካለ በሲኒያቸው የቀረውን ሆጃ ደጅ ደፍተው፣ ሲኒውን አጥበው፣ እንደገና አጠቡት። መልስ እንዳልጽፍ፣ የልጅቱንም ስም በቤታቸው እንዳላነሳ አዘዙኝ።

ከዚያ በኋላ ሦስት ደብዳቤ መጣ። ሦስቱንም ሳይከፈቱ ምድጃው ውስጥ የጨመርኳቸው እኔ ነኝ። ሰርቄ ላንብብ ብዬ አላሰብኩም፤ ባለቤቱ ያልፈቀደውን መክፈት ሌብነት ነበር ለእኔ። የመጨረሻውን ይዤ ስጎነበስ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው፣ “ወፍራም ነው?” አሉኝ።

“ወፍራም ነው።”

እጃቸው ከነጠላው ውስጥ ወጣ፣ ወደ እኔ ትንሽ ተዘረጋ፣ ተመለሰ። ለቀቅኩት። ወፍራም ወረቀት ቶሎ አይነድም፤ ሁለታችንም እስኪያልቅ ጠበቅን። ሌላ ደብዳቤ አልመጣም። እትዬ አስካለ ደርግ ሳይወድቅ ሞቱ፤ በለቅሷቸው ላይ ሙሾ አውራጇ ልጅ አልባ እናት ብላ አለቀሰችላቸው፣ ያረማትም ሰው አልነበረም።

አውቶቡሱ ያደረሰን ረጃጅም ፎቆች የቆሙባት ከተማ ነበረች። በየሰገነቱ ልብስ ተሰጥቷል፤ ዳቦ ቤት አለ፣ ፋርማሲ አለ፣ ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ልጆች ቦርሳቸውን እየጎተቱ ይጣላሉ። እዚህ የሚኖረው ማነው ብዬ ልጄን ጠየቅኳት። “ሠራተኛ ነዋ እማዬ፤ የመሃል ከተማን ኪራይ ማን ይችላል?” አለችኝ። ማታ የሚሠሩ ሴቶችስ ስላት፣ ወደ ጣቢያው የሚያመሩ ሦስት ሴቶች አሳየችኝ። ቢሮ የሚያጸዱ ናቸው አለች፤ ሰው ከሥራ ሲወጣ እነሱ ይገባሉ። አንደኛዋ ሻርፗን እያሰረች ስትሮጥ ጫማዋ ወለቀና ተመልሳ አነሳችው።

ዳቦ ቤቱም ፋርማሲውም ገብተን ብርሃኔ የምትባል ሐበሻ ጠየቅን። የያዝኩት ስም ብቻ ነው፤ የቤት ቁጥሩ ከደብዳቤዎቹ ጋር ተቃጥሏል። የፋርማሲዋ ሴት ትከሻዋን ሰብቃ ይቅርታ ጠየቀችን። በሕይወት ካለች ዛሬ አሮጊት ናት፤ እናቷ ለምን እንደተዋት ሳታውቅ ያረጀች።

ልጄ “ልጅ ነበርሽ፣ እውነቱን ነው የተናገርሽው” ትለኛለች። እኔ እንዲህ ያለውን ማስታገሻ ከማንም አልቀበልም። ያን ቀን የተጠየቅኩት ስላላየሁት አገር ነበር። አላውቅም ማለት እችል ነበር፤ እሱም እውነት ነበር።