ከወንዙ ማዶ የቆሙት ተማሪዎች

ትምህርት ቤታችን ከሚዛን ተፈሪ ወደ ሸኮ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለች ትንሽ የገበያ መንደር ውስጥ ነበር። ሁለት የጭቃ ቤቶች፣ አንድ የባንዲራ ምሰሶና ከኋላ በኩል እስከ ወንዙ የሚወርድ የቡና ማሳ ነበረው። ዘመኑ የደርግ ነው፤ ጠዋት ተሰልፈን የአብዮቱን መዝሙር እንዘምርና እግራችን ላይ የተጣበቀውን ጭቃ እያራገፍን ክፍል እንገባለን። አባቴ ከጉራጌ አገር የመጣ፣ የመንደሯ ብቸኛ ልብስ ሰፊ ነበር። እኔ ሴት ልጁ ያኔ አምስተኛ ክፍል ነኝ።

አጠገቤ የምትቀመጠው ጓደኛዬ ከወንዙ ማዶ የምትመጣ የቤንች ልጅ ነበረች። አማርኛ የለመደችው ትምህርት ቤት ገብታ ነው፤ በሒሳብ ግን ማናችንም አንደርስባትም። ከክፍላችን ግማሽ ያህሉ የሚመጣው ከዚያ ማዶ ነበር። በበጋ ወንዙን ከድንጋይ ድንጋይ እየዘለሉ ይሻገሩታል። ሚያዝያ ላይ ዝናቡ ሲበረታ ግን ድንጋዮቹ ውሃ ውስጥ ይሰወራሉ፤ ያን ጊዜ ስም ሲጠራ "የለም"፣ "የለችም" እያልን የምንመልስላቸው እኛ ነን። ከመካከላቸው ብዙዎቹ በዚያው ትምህርት ያቆማሉ። ሁልጊዜም እንዲሁ ስለነበር ማንም ነገሬ አላለውም።

በዚያ ዓመት ሒሳብና ሳይንስ የሚያስተምሩን መምህር ከሸዋ የመጡ ወጣት ነበሩ፤ ለአገሩም ለዝናቡም እንግዳ ናቸው። አንድ ቀን ስም ጠርተው ሲጨርሱ ቀና አሉና፣

"እነዚህ ሁሉ ልጆች ታመው ነው?" ብለው ጠየቁ።

"ወንዙ ሞልቶ ነው መምህር" አልኳቸው።

"እስቲ አሳዩኝ።"

ሁላችንም በቡናው መሃል ተከታትለን ወረድን። ወንዙ ደፍርሶ ግንድ እያንከባለለ ይወርዳል። ማዶ ላይ ልጆች ቆመው ነበር። ጓደኛዬ ከፊት ናት፤ ደብተሯን በኮባ ቅጠል ጠቅልላ ደረቷ ላይ ታቅፋዋለች። ለካ በየጠዋቱ እየመጡ ውሃው እስኪጎድል ይጠብቁ ኖሯል። እኔ እኮ ቤቷ የተቀመጠች ነበር የመሰለኝ። መምህሩ ሁለት እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ተጣሩ፤ የውሃው ድምፅ ዋጠባቸው። ከዚያ ወደ ክፍል መለሱን።

በማግስቱ ትልልቆቹን ልጆች ጥቁር ሰሌዳውን ከግድግዳው እንዲያወርዱት አዘዟቸው። ተሸክመው ወንዙ ዳር አወረዱት፤ ፊቱን ወደ ማዶ አዙረን በሁለት ዛፎች መሃል አሰርነው። እኛ ከጎን በኩል ሣሩ ላይ ተቀመጥን። መምህሩ ቁጥሮቹን በጣም አግዝፈው ይጽፋሉ፣ ማዶ ያሉት ይገለብጣሉ፤ መልስ ሲጠየቁ በጣታቸው ያሳያሉ። ጓደኛዬ ብዙ ጊዜ ከእኛ ቀድማ ጣቶቿን ታነሳ ነበር። ጠመኔው በካፊያው እየረጠበ አልጽፍ ሲል መምህሩ በሸሚዛቸው ጠርዝ ያደርቁታል። ርእሰ መምህሩ ጥላቸውን ይዘው መጥተው ጥቂት ተመለከቱና፣

"ይኼ ነገር እስከ መቼ ነው?" አሉ።

"ድልድይ እስኪሠራ ድረስ ነው።"

"ማን ነው የሚሠራው?"

"እኛ።"

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ራሳቸውም ያሰቡበት አይመስለኝም።

ከዚያ በኋላ ሒሳብ ወንዝ ዳር ሆነ። "ሳንሻገር ስፋቱን እንለካዋለን" ሲሉን የሚቀልዱ መስሎን ሳቅን። ማዶ አንድ ዛፍ መረጡና ከፊት ለፊቱ በእኛ በኩል ችካል አስተከሉን። ከዚያ እኩል ጎን ያለው ወረቀት ከጥግ እስከ ጥግ አጥፈን፣ በእጥፋቱ ዛፉን እያነጣጠርን በዳርቻው ሄድን። አንዱ ጠርዝ ወደ ችካሉ፣ እጥፋቱ ደግሞ ወደ ዛፉ የሚያመለክትበትን ቦታ ስናገኝ፣ "ሁለቱ ጎኖች እኩል ስለሆኑ፣ ከዚህ እስከ ችካሉ ያለው ርቀት የወንዙ ስፋት ነው" አሉን። አላመንናቸውም። በቡድን በቡድን እየሆንን በገመድ ደጋግመን ለካን፤ ሁሉም ተቀራራቢ ሆነ። ያን ቀን እቤት ገብቼ የአባቴን ሱቅ በር፣ መንገዱን፣ የጎረቤታችንን አጥር ሁሉ በወረቀት ሳነጣጥር ዋልኩ።

የወላጆች ስብሰባ ተጠራ። የማዶዎቹ በላይኛው የመኪና ድልድይ ዞረው፣ ረጅም መንገድ በእግራቸው ሄደው መጡ። ሁለቱ የገበሬ ማኅበራት በጫካ ወሰን የተነሳ ተቀያይመው ስለነበር ለየብቻ ነው የተቀመጡት። መምህሩ የለካነውን ነገሯቸው፤ ከዳር እስከ ዳር የሚጋደም አንድ ግንድ ያስፈልጋል። ያን ያህል ርዝመት ያለው ቀጥ ያለ ዛፍ ማዶ እንጂ በእኛ በኩል አልነበረም፤ እሱም ላይ የንብ ቀፎ ተሰቅሎበታል። የማዶው ሊቀመንበር "ቀፎ ያለበት ዛፍ አይነካም" አሉ። የእኛዎቹ ማጉረምረም ጀመሩ፤ ስብሰባው ሊበተን ሆነ። ያኔ አንድ ቀጭን ሰው ብድግ አሉ። የጓደኛዬ አባት ነበሩ።

"ዛፉ የኔ ነው" አሉ፣ አማርኛውን በዝግታ እየፈለጉ። "ቀፎውን አወርዳለሁ። ልጅቷ ዝናብ ውስጥ ቆማ ከምትማር ዛፉ ይቆረጥ።"

ስብሰባው በዚያው ተስማማ። ወደ ቤት ስንመለስ አባቴ "ሰውየው ማናቸው?" አለኝ። ነገርኩት። መንገዱን ቀጠለ።

ዛፉ ተቆርጦ፣ በሐረግና በገመድ ከሁለቱም ወገን እየተጎተተ ተጋደመ። ሳይውል ሳያድር ግን ከባድ ዝናብ ጣለና በእኛ በኩል ያለው ዳርቻ ተናደ። ስንደርስ የግንዱ ጫፍ ውሃው ውስጥ ገብቶ ይወዛወዛል፤ ማዶ በሐረግ ስለታሰረ ብቻ ነው ያልተወሰደው። መምህሩ ጎንበስ ብለው ከተናደው ዳርቻ አፈር ዘገኑና በእጃቸው ፈረፈሩት። እኔ የጓደኛዬን አባት ማየት ፈራሁ። በመጨረሻ መምህሩ ተነሱና፣

"ወንዙን ለካን እንጂ አፈሩን አላየንም" አሉ። "ጥፋቱ የኔ ነው። ቁፋሮ እንጀምር።"

በዳርቻው ላይ ጉድጓድ እየቆፈርን ውሃ ጨመርንበት፤ የሚፈርሰውንና የማይፈርሰውን አፈር ለየን። ከተናደው ቦታ በወንዙ ጥቂት ወረድ ብሎ ጠንካራ መሬት ተገኘ። ያኔ አባቴ አሮጌ የቡና ጆንያዎች በትከሻው ተሸክሞ መጣ፤ ቤት ውስጥ ድርብ አድርጎ ሰፍቷቸው ነበር።

"እንጨት መፍለጥ አልችልም። ይኼ ግን አይተረተርም" አለ።

ጠጠር ሞልተን ደረደርናቸው። ግንዱ ከነሱ ላይ አረፈ። የማዶ ሴቶች የተቀቀለ ጎደሬ፣ የእኛዎቹ ቆጮ ይዘው መጡ፤ ያኔ ለየብቻ የተቀመጠ አልነበረም። በመጨረሻ ሐረግ ተወጥሮ መያዣ ተበጀለት።

ጓደኛዬ ልጆቹን አስቀድማ፣ ሐረጉን ይዛ ቀስ ብላ ተሻገረች። እኔ ትሮጣለች፣ ታቅፈኛለች ብዬ እጠብቃለሁ። እሷ ክፍል ገብታ ቦታዋ ላይ ተቀመጠችና፣

"የትኛው ገጽ ላይ ደረሳችሁ?" አለችኝ።

መምህሩ በሚቀጥለው ዓመት ወደ ማጂ ተዛወሩ፤ ከዚያ በኋላ አላየኋቸውም። እኛ ግን የስምንተኛ ክፍልን ፈተና አብረን አለፍን። ሁለተኛ ደረጃ ያለው ሚዛን ስለነበር የእሷ አባትና የእኔ አባት ለእኛ ቤት ሊፈልጉ አብረው ሄዱ። አንዱ የሌላውን ቋንቋ በደንብ አይሰማም፤ ቀኑን ሙሉ እንዴት እንደተግባቡ አላውቅም። ሲመለሱ የተከራዩልንን ክፍል ተቀባብለው ነገሩን፤ የአባቷን አማርኛ አባቴ ይሞላላቸዋል። መስኮቱ ትልቅ ነው፣ ብርሃን ይገባል፣ ከሥሩ ጠረጴዛ ይበቃል። ዝናብ ያስገባ እንደሆነ ስለ ጣሪያው ብንጠይቃቸው ሁለቱም አላዩትም።