በክራር ናይለን የተወጠረው ራኬቴ

አሁን፣ ሲዋርድ በሚባለው ሰፈራችን ቴኒስ ሜዳ፣ ጨዋታ መሀል የራኬቴ ክር ጧ ብሎ ተበጠሰ።

የወጠረልኝ ዳንኤል ነው፤ የልጄ የክርስትና አባት። ቁመቱን በቴኒስ ክር፣ አግድሙን ለክራሩ በገዛው የዓሣ ማጥመጃ ናይለን።

«ኳሷ ትታዘዝልሃለች። ማርያምን፣ የኔም እንደዚሁ ነው» አለኝ። ማርያምን ካለ ምን እላለሁ?

(ድምፁ ግን ያምር ነበር። ኳስ በመታሁ ቁጥር ዘፈን የሚጀመር ይመስላል።)

ዛሬ የገጠምኩት ራሱን ዳንኤልን ነው። ሲበጠስብኝ ትርፍ ራኬቱን ልዋስ ቦርሳውን ከፈትኩ። ያም፣ በእጁ የያዘውም ሙሉ በሙሉ የቴኒስ ክር!

«ዳኒ፣ ምነው?» ስለው፣ «መጀመሪያ ባንተ ትራይ ላድርገው ብዬ እኮ ነው» ብሎ ሳቀ።

መሸነፌን እረሳዋለሁ። ያቺን «ማርያምን» ግን አልረሳትም።

እናንተስ፣ ምሎ የሞከረባችሁ ማን ነው? ታግ አድርጉት። እኔ የኔን አድርጌዋለሁ።