የግራንድ ሳኮኔ ፍልፈል

ደርግ «ተመለስ» ብሎ ሲጠራኝ አሻፈረኝ ብዬ ጄኔቫ ከቀረሁ ሦስተኛ ዓመቴ ነበር። ለእናቴ «የአገር ቤት ጎመን አማረኝ» ብዬ ጻፍኩላት። እውነቱን ለመናገር የናፈቀኝ ጎመኑ ሳይሆን እሷ ነበረች። እሷም ከአዲስ አበባ በመጣ ሰው እጅ በቁራጭ ጨርቅ የቋጠረችውን የጎመን ዘር ላከችልኝ። ሌላ መልእክተኛ መቼ እንደሚገኝ አይታወቅም። ስለዚህ ዘር ሳልይዝ ይህ ጎመን አይጠፋም ብዬ ማልኩ።

ከባለቤቴ ጋር ጄኔቫ ዳር፣ ግራንድ ሳኮኔ በሚባለው ሰፈር በተከራየነው ቤት ጓሮ መደብ አበጅቼ ዘራሁት። በቀለ። ቅጠሉ መዳፍ ሲያክል አንድ ጠዋት ብወጣ መደቡ መሃል የአፈር ቁልል አየሁ። ፍልፈል! በማግስቱ ቁልሉ ሦስት ሆነ። ልጅ ሆኜ ፍልፈል የአባቴን ድንች ከሥሩ ሲጨርስ አይቻለሁና ደሜ ፈላ። አካፋዬን ይዤ መንገዱን እየተከተልኩ ቆፈርኩ። ጎመኔ ይጠወልግ ጀመር። «ሥሩን በላው!» እያልኩ ይበልጥ ቆፈርኩ።

በመጨረሻ እንደ አባቴ ፍም ላይ በርበሬ ጨምሬ ጉድጓዱን አጠንኩት። ነፋሱ ጭሱን ወደ ቤት መለሰው። ባለቤቴ እያሳለች ወጣች።

«አንተ ሰውዬ፣ ለወጥ የምትሰስትብኝን በርበሬ ለፍልፈል ታጥናለህ?»

ጎረቤታችን፣ ጡረታ የወጡ አትክልተኛ፣ እያስነጠሱ መጡ። ነገሩን ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ሙሲዬ፣ የእኛ ፍልፈል ትል እንጂ ሥር አይበላም። የቆለለውን አፈር ረገጥ ረገጥ አድርገው ውሃ ያጠጡት፣ በቃ።»

ጎንበስ ብለው አንዱን የጠወለገ ጎመን ነቀሉና አሳዩኝ። ሥሩ በአካፋ ተቆርጧል። በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች አሉ። የአገሬን ፍልፈል እዚህ ድረስ አምጥቼ ስዋጋው ከርሜያለሁ።

አራት እግር ጎመን ተረፈኝ። ፍልፈሉ ሲቆልል እኔ ስረግጥና ሳጠጣ አበቡ፣ ዘርም ያዙ። መስከረም ላይ ዘራቸውን አራግፌ አንድ ብርጭቆ ሞላሁ። ደስታ አላስቀምጥ አለኝ። «እማዬ፣ ለአሥር ዓመት የሚበቃ ዘር ይዣለሁ» ብዬ ጻፍኩላት።

መልሷ በገና ሰሞን ደረሰ። የዘመድ ጎረቤቱን ደኅንነት ከዘረዘረች በኋላ ከታች እንዲህ ብላለች፦ «ልጄ፣ እኔ እኮ የላክሁልህ ለአንድ ክረምት ብዬ ነበር። አሥር ዓመት ልትቆይ ነው እንዴ?»