መኪናው ለመስታወቱ ጮኸ

ባለቤቴ ካረፈች በኋላ ኦስሎ፣ ትሮስተሩድ ሰፈር ያለው ቤታችን ሰፋብኝ። ልጅ አልወለድንም። ጉልበቴን ታምሜ የጽዳት ሥራዬን ካቆምኩ ወዲህ ደግሞ ከሰው ጋር የምነጋገርበት ምክንያት እያነሰ ሄደ። ሱቅ ውስጥ የምከፍለው ለማሽን ነው፤ ባቡር ላይ ሰው አጠገቤ የሚቀመጠው ሌላ ቦታ ሲያጣ ነው። አንዳንድ ቀን አመሻሽ ላይ ጉሮሮዬን ስጠርግ፣ ከጠዋት ጀምሮ ቃል እንዳልተነፈስኩ ትዝ ይለኝ ነበር።

ከእኔ በላይ ባለው ፎቅ የአገሬ ሰዎች የሆኑ ባልና ሚስት ይኖሩ ነበር። እሱ ሌሊት አውቶቡስ ያጸዳል፤ እሷ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ትሠራለች። ገና መናገር ያልጀመረች፣ ቀን ቀን ባርነሃገ፣ የሕፃናት መዋያ፣ የምትውል ልጅ አለቻቸው። ሊፍት ውስጥ ስንገናኝ ጢሜን ትጎትታለች። አባቷ “ተዪ፣ ጋሼን አታስቸግሪ” ይላታል። እኔ ግን ሊፍቱ ቶሎ ባይደርስ ደስ ይለኝ ነበር።

ሰኔ መጨረሻ ላይ ኦስሎ በጣም ሞቀች። አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ቆሻሻ ልጥል ስወርድ የእነሱ መኪና ፀሐይ ላይ ቆሟል። በኋላው መስኮት አንዲት ትንሽ እግር አየሁ። መጀመሪያ አሻንጉሊት መሰለችኝ። ጠጋ ብዬ ሳይ ልጅቷ ናት። ፀጉሯ ግንባሯ ላይ ተለጥፏል፤ ፊቷ ቀልቷል፤ ዓይኗ ግማሽ ክፍት ነው። አታለቅስም። መስታወቱን በመዳፌ ደበደብኩ፤ አልተንቀሳቀሰችም።

በሩ ተቆልፏል። ጮኼ ተጣራሁ፤ ሰዉ ለዕረፍት ወጥቶ ግቢው ጭር ብሏል። ከአበባው መደብ ዳር ድንጋይ አንስቼ፣ ስብርባሪው እሷን እንዳያገኛት የፊተኛውን መስኮት መታሁ። ደግሜ ስመታው ረገፈ። ያኔ መኪናው ይጮህ ጀመር።

ቀበቶዋን ፈትቼ ዛፍ ጥላ ሥር አስተኛኋት። ገላዋ ይፋጃል። ለአምቡላንስ ደውዬ ሳልጨርስ አባቷ ባዶ እግሩን እየሮጠ ወጣ። የመኪናው ጩኸት ከእንቅልፉ ቀስቅሶት፣ ሌባ መስሎት ነበር። እኔን አየ፤ ልጁን አየ።

“ባርነሃገ አድርሻታለሁ እኮ! ጋሼ፣ አድርሻታለሁ!”

“ውሃ አምጣ!” አልኩት።

ውሃ አመጣ። የአምቡላንሷ ሴትዮ በስልክ እንዳዘዘችን ልብሷን አውልቀን እያረጠብናት ሳለ እሱ “አድርሻታለሁ” ማለቱን አላቆመም። ልጅቷ ድንገት ስታለቅስ ነው ዝም ያለው።

ነገሩ የገባኝ በኋላ ነው። ሁልጊዜ ባርነሃገ የምታደርሳት እናቷ ነበረች። የዚያን ቀን እናትየዋ በጠዋት ሥራ ስለገባች ማድረሱ ለእሱ ቀረ፤ ከሌሊት ሥራው መልስ ሚስቱን ባቡር ጣቢያ አወረደ፤ ልጅቷ ከኋላ እንቅልፍ ወሰዳት። እሱም እንደ ወትሮው ቀጥታ ወደ ቤቱ ነዳ፤ ቆልፎ ወጣ፤ ተኛ።

ልጅቷ ሆስፒታል ሰንብታ ድና ተመለሰች። ወሬው ግን ቤተ ክርስቲያን ድረስ ደረሰ። “ሰው እንዴት ልጁን ይረሳል? ስልኩን ረስቶ ያውቃል?” አለች አንዲት ሴት ከቅዳሴ በኋላ። “ደክሞት ነው” አልኩ። የሰማኝ የለም።

እሱም ይሸሸኝ ጀመር። ሊፍቱ ተከፍቶ እኔን ካየ በደረጃው ይሄዳል። አልፈርድበትም፤ ግን ከፋኝ። ከሰላምታ ሌላ ከሰው የቀረኝ ነገር አልነበረም፤ እሱንም አጣሁት።

በረዶ መጣል በጀመረ ሰሞን ሚስቱ በሬን አንኳኳች። “ጋሼ፣ ነገ ፓርላማው ደጅ ሰልፍ አለ። መኪና ሁሉ ልጅ ከኋላ ሲቀር የሚያስጠነቅቅ ነገር ይኑረው፣ ሕግ ይውጣ የሚሉ ወላጆች ናቸው። እሱ ሊናገር ነው።”

“እሱ ነው የላከሽ?”

“አያውቅም። ግን ብቻውን እንዳይሆን ብዬ ነው።”

ሄድኩ። ሰዉ ጥቂት ነበር። አንዲት ሴት የሞተ ልጇን ፎቶ ደረቷ ላይ ይዛ ቆማለች። እሱ በኖርዌይኛ፣ እየተንተባተበ ተናገረ።

“ቀበቶ ካላሰርኩ መኪናዬ ይጮኻል። መብራቱን ሳላጠፋ ብወርድ ይጮኻል። ለመስታወቱም ጮኸ። ልጄ ውስጡ ስትቀር ግን ዝም አለ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ አንሱልኝ አላልኩም። የኔ ልጅ ተርፋለች፤ የዚህች እናት ልጅ ግን አልተረፈም። ሰው ይረሳል፤ መኪናው አይርሳ።”

አንድ መንገደኛ “አንተ ልጅህን ጠብቅ!” ብሎት አለፈ። ከፓርላማው አንድ ሰው ወጥቶ ሰልፈኞቹን ጨበጣቸውና “እናየዋለን” አለ። እስካሁን እያዩት ይሆናል።

ሲበተኑ ወደ እኔ መጣ። “ጋሼ፣ እርስዎን ባየሁ ቁጥር ያቺ ቀን ትመጣብኛለች። ጠልቼዎት አይደለም።”

“አውቃለሁ ልጄ” አልኩት። አብረን በባቡር ተመለስን።

ጥቂት ቆይቶ ሮመን ወደሚባል ሌላ ሰፈር ተዛወሩ። ሚስቱ የመኪና ማቆሚያውን ማየት አልቻለችም። ከላዬ የሚሰማኝ የትንሽ እግር ኮቴ ቀረ።

ባለፈው እሑድ ምሳ ጠርተውኝ ሄድኩ። ልጅቷ አድጋለች፤ ታወራለች። ስታየኝ እናቷ ቀሚስ ሥር ተሸሸገች።

“አታስታውስዎትም” አለች እናቷ አፍራ። “ስለዚያ ቀንም ምንም አልነገርናት።”

“አትንገሯት” አልኩ።

ሲመሽ አባቷ በመኪና ወደ ቤቴ አደረሰኝ። ልጅቷ ከእናቷ ጋር ቤት ቀርታለች። ሊሰናበተኝ ሲወርድ ግን የኋላውን በር ከፍቶ ባዶውን የልጅ ወንበር በእጁ ዳሰሰ።

“ልማድ ሆኖብኝ ነው ጋሼ።”

“ደግ ልማድ ነው” አልኩትና ወደ ቤቴ ገባሁ።