ቢና የምትቀምሰው ወንዝ

አልታማሃ ወንዝ ወደ ኋላ ይፈሳል። ጉድ እኮ ነው! ባሕሩ በቀን ሁለቴ ሲሞላ ያን የሚያህል ወንዝ ገፍቶ ወደ መጣበት ይመልሰዋል፤ ውሃው እስከ ሩዝ ማሳው አፍ ድረስ ከፍ ይላል። ቢና እዚያው እርሻ ላይ በባርነት ተወልዳ ነው ያደገችው። አርባ ዓመት ሙሉ አየችው፤ አልለመደችውም። ዛሬም ስታየው አፏን ይዛ ትቆማለች።

የእርሻው ሰው የሚነሳውም የሚተኛውም በባሕሩ ልክ ነበር። ባሏ ኳሚኖ ደግሞ ይብስበታል። የማሳዎቹን የውሃ በሮች የሚከፍተውና የሚዘጋው እሱ ስለሆነ፣ ሙላቱ እንዳያመልጠው በሮቹ አጠገብ ባለች ጎጆ ብቻውን ያድራል። ቢና የምታድረው ከሌሎቹ ባሮች ጋር ሰፈር ነው፤ ቀኑን ጭቃ ውስጥ ተጎንብሳ ሩዝ ስታርም ትውላለች።

ከሦስት ዓመት በፊት ኳሚኖን ወባ ጣለው። ሲነሳ ምላሱ ሞቶ ተነሳ፤ ጨውና ማር መለየት አቃተው። በድርቅ ጊዜ ደግሞ ባሕሩ ጨዉን ይዞ ሽቅብ ይወጣል፤ አንዴ ማሳ ከገባ ሩዙ አለቀለት። ውሃው ጨው መሆኑን ቀምሶ የማይለይ በር ጠባቂ ለምን ይፈለጋል? ሳቫና ከተማ ባሪያ ገበያ ወስደው ይሸጡታል፣ በቃ። ስለዚህ ቢና በየማለዳው ሥራ ሳይጀመር እየመጣች በድብቅ ትቀምስለት ጀመር።

በሦስተኛው ዓመት ነሐሴ ጠብ ያለ ዝናብ አልነበረም። ባለቤቶቹ እንደ ልማዳቸው ወባውን ሸሽተው ከተማ ገብተዋል፤ የቀረው አዲሱ አለቃ ክራውሊ ብቻ ነው። አንድ ማለዳ በፈረስ ከች አለና ቢናን የመቅመሻውን ቅል አፏ ላይ እንደያዘች አገኛት። ክው አለች።

ክራውሊ ወርዶ ከላይ በእፍኙ ጨለፈና ቀመሰ። «ንጹህ ውሃ ነው! ሩዙ እየደረቀ ምን ትጠብቃለህ? ክፈት!»

«ንጹሁ ከላይ ነው፣ ጌታዬ» አለች ቢና፣ ሳታስበው አምልጧት። «ጨው ይከብዳል፤ ከሥር ከሥር ነው የሚሄደው። በሩ ደግሞ የሚከፈተው ከሥር ነው።»

«አንቺን ማን ጠየቀሽ? በር ጠባቂው አንቺ ነሽ ወይስ እሱ?»

ክራውሊ አንዱን ቅል ከላይ፣ ሌላውን በረጅም እንጨት አውርዶ ከሥር ሞላ። ጀርባውን ሰጥቶ አቀያየራቸውና ለኳሚኖ አቀበለው።

«ለይ። ከሳትህ ነገ ሳቫና ነህ።»

ኧረ የፈጣሪ ያለህ፣ ምን አናገረኝ! አለች ቢና በሆዷ።

ኳሚኖ አንዱን ተጎነጨ። ሌላውን ተጎነጨና ፊቱን ጨፍግጎ ተፋው። «የሥሩ ይሄ ነው፣ ጌታዬ። ዛሬ አይከፈትም። ጨረቃዋ ግማሽ ስትሆን ሙላቱ ይደክማል፤ ጨዉም ያኔ ወደ ባሕሩ ይመለሳል።»

ክራውሊ ራሱ ቀመሰ፤ ተፋና ፈረሱ ላይ ወጥቶ ሄደ።

ቢና እስኪርቅ ጠበቀች። «በምን አወቅህ?»

«ቀምሼ ነዋ።»

«ምላስህስ?»

ኳሚኖ አቀረቀረ። «ከተመለሰ ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው።»

«ሁለት ዓመት! አንተ ሰው፣ ሁለት ዓመት ሙሉ እንቅልፌን አሳጥተህ ይሄን ድፍርስ ስታጠጣኝ ኖርክ?»

«ብነግርሽ ምን ብለሽ ትመጫለሽ?» አላት። «አንቺን የማይበት ሌላ ሰዓት የለኝም እኮ።»

ወንዙ አጠገባቸው ወደ ኋላ ይፈሳል። ቢና ቅሉን አለቅልቃ ቦታው ሰቀለችው።

«ነገ» አለችው፣ «እኔ ሳልመጣ እንዳትቀምስ።»