ለቆሌ የምታጎርስ እጅ

ልጄ ለመጀመሪያ ጊዜ ተማሪዎች ፊት የምትቆምበት ዕለት ጠዋት፣ እኔ መጥረጊያ ይዤ ቤቱን እዞረዋለሁ። የጠረግሁትን መልሼ እጠርጋለሁ።

«እማ፣ ቁጭ በይ። መሬቱን ጨረስሽው እኮ።»

«አንቺ ቁርስሽን ብዪ እንጂ!»

«አልወርድልሽ አለኝ።»

ያን ጊዜ ከአሮጌ ነጠላዬ ላይ የቀደድኩትን ጨርቅ አወጣሁ። «በይ፣ በዚህ ግራ እጅሽን አንገትሽ ላይ አንጠልጥዪው። ወለም ብሎኝ ነው በያቸው። ማን ፈትቶ ያይሻል?»

ጨርቁን አየችው፤ እኔን አየችኝ። «አሁን ገና አክስትሽን ቁርጥ!»

ነገሩ ወዲህ ነው። እኔና ልጄ ቀኛችን የሚሠራውን ግራችን ሳትጠየቅ አብራ ትሠራለች። በቀኜ እርሳስ ስይዝ የግራዬ ጣቶች የሌለ እርሳስ ይዘው ይጽፋሉ፤ ያውም በመስታወት እንደሚታይ ጽሑፍ ገልብጠው። ሱቄ ውስጥ በርበሬ ስሰፍር ፌስታሉን የምሰቅለው ሚስማር ላይ ነው። በግራዬ ከያዝኩትማ፣ ቀኜ መስፈሪያውን ጨበጥ ሲያደርግ እሷም ፌስታሉን ጨምድዳው ታርፋለች።

ካራ ሰፈር ያሳደገችኝ አክስቴ ይህን ስታይ ልጅቷ ግራኝ ልትሆን ነው ብላ ደነገጠች። በግራ መብላት ነውር፣ በግራ መቀበል ነውር፤ ምን ታድርግ? ግራዬን በመቀነት ከወገቤ ጋር ጥፍር አድርጋ አሰረችልኝ። የታሰረችው እጅ መቀነቱ ውስጥ ሆና መጻፏን ቀጠለች። ሠርግ ቤት ደግሞ ሰው ሳጎርስ ግራዬ ጉልበቴ ላይ ሆና ጣቶቿን ትሰበስባለች። «ተዉአት፣ ለቆሌዋ እያጎረሰች ነው» ይሉ ነበር። ያን ሁሉ ጎርሶ ቆሌዬ እንዴት እንዳልወፈረ እንጃ።

ልጄ ስትወለድ ዓይኔ ጣቶቿ ላይ ነበር። «ሕፃን ሁሉ እንዲህ ያደርጋል፤ ሲያድግ ይተወዋል» አሉኝ። ጠበቅሁ። አደገች፤ አልተዋትም። በመጨረሻ አንዲት የነርቭ ሐኪም ጎን ለጎን አስቀምጣ ጣቶቻችንን አንድ በአንድ ከአውራ ጣታችን ጋር አስነካችን። ሁለቱን ቀኝ እጆቻችንን ብቻ ብታዝ አራቱም እጆች ተንቀሳቀሱ፤ ሳቋን ዋጥ አድርጋ «በዘር የመጣ ይመስላል፤ የዘረመል ነገር ነው» አለችን።

እኔ ደግሞ ባጭሩ የተነገረኝ ነገር አይገባኝም። ትምህርት ያቆምኩት በልጅነቴ ነው። ከዚያ ወዲህ ያወቅሁትን ያወቅሁት በርበሬ ከምጠቀልልበት ወረቀትና ከልጄ መጻሕፍት ነው። እያስነበብኳት፣ እየጠየቅሁ፣ «እማ በቃኝ!» እስክትለኝ ድረስ እያደረቅኋት ገባኝ። እስቲ እንደገባኝ ልንገራችሁ።

ልጅ ማህፀን ውስጥ ሲሠራ የነርቭ ክሮች ከአንጎሉ እየረዘሙ ወደ ታች ይወርዳሉ። የክሩ ጫፍ ዓይን የለውም፤ በዳበሳ ነው የሚሄደው። ቀኝ እጅን የሚያዘው የአንጎል ግራው ወገን ስለሆነ፣ ክሩ ማጅራት አካባቢ ሲደርስ መሐሉን አቋርጦ ወደ ማዶ መሻገር አለበት። ማን ይንገረው? መሐሉ ላይ እንደ ታክሲ ረዳት ያለ ጠሪ አለ፤ ሾላ ገበያ ቆሞ «ካራ! ካራ! ኮተቤ!» እንደሚለው ያለ። ብቻ ይኼኛው የሚጠራው በድምፅ ሳይሆን በሚረጨው ንጥረ ነገር ነው። ክሩም ጫፉ ላይ ያንን የሚሰማበት ጆሮ አለው። ከተሻገረ በኋላ የክሩ ጠባይ ይለወጥና፣ ሲስበው የነበረው መሐል አሁን ይገፋዋል፤ ተመልሶ እንዳይመጣ። ረዳቱስ አንዴ ካስገባችሁ በኋላ «ጠጋ በሉ፣ ወደ ውስጥ ግቡ!» እያለ ይገፋችሁ የለ?

ለጆሮው አሠራር ትእዛዝ የሚሰጠው ዘረመል ነው፤ አንዱን ቅጂ ከእናት፣ አንዱን ከአባት እንወርሳለን። እኔ ዘንድ አንደኛው ቅጂ ሳይበላሽ አልቀረም። እናም ክሮቼ ለጥሪው ጆሯቸው ከበደ። ከፊሎቹ ተሻገሩ፤ ከፊሎቹ ሳይሰሙ በዚያው ወገን ወረዱ። ለቀኜ የተላከው መልእክት ግራዬም ዘንድ ደረሰ። ልጄን ሳረግዝ ወይ ደህናውን ወይ ይኼኛውን እንደማወርሳት፣ ሳንቲም እንደ መወርወር ያለ ዕጣ እንደሆነ፣ መቼ አውቄ! ባለሙያ ብትጠይቁ ነገሩ ከዚህም ይወሳሰባል ይሏችኋል። እኔ ግን ይህንን ካወቅሁ ወዲህ ተቀምጬ አላውቅም።

ልጄ የምትማረው መምህርነት ነው፤ ባዮሎጂ። ባለፈው ጓደኞቿ ፊት ሰሌዳ ላይ ስትለማመድ ግራ እጇ ጭኗ ላይ አብራ ስትጽፍ አይተው ሳቁባት። ቤት መጥታ ቦርሳዋን ወረወረችው። «ተማሪዎቹም ከሳቁብኝ እተወዋለሁ፤ አንቺ ጋ በርበሬ እሸጣለሁ» አለች። እንደምታደርገው አውቃለሁ፤ የእኔ ልጅ ናት።

እና ያን ጠዋት ጨርቁን ተቀበለችኝና ቦርሳዋ ውስጥ ወተፈችው። «ለአንቺ ስል ነው» ብላ ወጣች።

ሾላ ሄጄ ሱቄን ከፈትኩ። መክፈት ካሉት። ኮረሪማ ላለችኝ ጥቁር አዝሙድ ሰጠሁ፤ ሚጥሚጣ አፍስሼ ሰፈሩን አስነጠስኩት።

«ኧረ በእመቤቴ!» አለች ሽሮ የምትሸጠው ጎረቤቴ አፍንጫዋን ይዛ። «ሂጂና ልጅሽን አይተሽ ነይ! ሱቁን እኔ አይልሻለሁ። አንቺ እዚህ ከዋልሽ ማናችንም አንተርፍም።»

አቡጀዴ ሽርጤን እንኳ ሳልፈታ ታክሲ ውስጥ ገባሁ። ትምህርት ቤቱ ከእንጦጦ ሥር፣ ባሕር ዛፉ የሚጀምርበት ዳገት ላይ ነው። በር ላይ የቆሙት ዘበኛ ሽማግሌ ናቸው።

«እናት፣ ማንን ፈልገው ነው?»

«ልጄ እዚያ ክፍል እያስተማረች ነው» ብዬ በቀኜ ጠቆምኳቸው።

ሰውዬው ወደ ክፍሉ አዩ፤ ከዚያ ወደ ወገቤ አዩ፤ ከዚያ ዞረው ሽንት ቤቱን አዩ። ለካ የግራዬ ጣት ወደዚያ ጠቁማለች።

«ይወስኑ እንጂ፣ እናት።»

ልመልስላቸው ስል ከክፍሉ ሳቅ ፈነዳ። አንድ ሁለት ልጅ የሳቀው አይደለም፤ ክፍሉ በሙሉ ነው። ሳቅ ከውጭ ሆነው ሲሰሙት በማን ላይ እንደሆነ አይለይም። ልግባ ብል ዘበኛው ክንዳቸውን ዘረጉ፤ «ትምህርት ላይ ናቸው፣ አይሆንም!» አጥሩን ይዤ ወዲህ ወዲያ አልኩ። ሳቁ ጸጥ ይላል፤ ደግሞ ይነሣል። ዘበኛው ዱካቸውን ለቀቁልኝ፤ ማን ይቀመጣል!

ደወሉ ተደወለ። ልጄ ወጣች። መጀመሪያ ያየሁት እጆቿን ነው። ሁለቱም በጠመኔ ነጭ ሆነዋል።

«እማ? ምን ልትሠሪ መጣሽ?»

«ሳቁብሽ?»

«ሳቁብኝ። ፊት የተቀመጠችው ናት የጀመረችው። ነይ አልኳትና ጨርቅሽን ሰጥቼ ግራ እጄን አሳሰርኳት። ከዚያ በቀኜ ጻፍኩ። ጨርቁ ሥር ጣቶቼ ሲላወሱ ሲያዩ ጸጥ አሉ። መልእክቱ አንዴ ከደረሰ እጅ ማሰር ምን ይፈይዳል ብዬ ከክሮቹ ጀመርኩላቸው። ያንቺን የታክሲ ረዳት ነገርኳቸው።»

«ከዚያ በኋላ የሳቁትስ?»

«ያማ እጄን አስፈትቼ ለግራዬም ጠመኔ ስሰጣት ነው። ‹ነርቭ› የሚለውን ገልብጣ ጻፈችው። ሁሉም ካልሞከርን ብለው ሰሌዳውን ወረሩት።»

«ከኮሌጅሽ የተላከው ገምጋሚስ?»

«ኋላ ተቀምጦ የሆነ ነገር ጻፈ። ፊቱ አይነበብም።»

እኔ ልጠይቃት የምፈልገው እሱን አልነበረም። «ትተዪዋለሽ ወይ?» ልላት ስል፣ ቦርሳዋን ከፍታ ጨርቁን አወጣችና ሰጠችኝ፤ በጠመኔ ተለውሷል።

«እጠቢልኝ» አለች። «ነገ ሌላው ክፍል ስገባ ያስፈልገኛል።»

ቀኜ ወደ ጉንጯ ሄደ፤ ግራዬም አልቀረች፤ ፊቷን በሁለት እጄ ያዝኩት። ያቀረረውን እንባዋን ልጠርግላት ዓይኗ ሥር በአውራ ጣቶቼ ዳበስ አደረግኳት።

«እማዬ! በርበሬ! እጅሽ በርበሬ ነው!»

ዘበኛው ሮጠው በጀሪካን ውኃ አመጡልን። ልጄ ጎንበስ ብላ እየታጠበች፣ እየሳቀች፣ እያለቀሰች፦

«ደግነቱ» አለች፣ «ሁለቱንም ዓይኔን እኩል ነው ያቃጠልሽው።»